ለድኩላ የተተከለ ገባ

ሽንፋ ከተማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ትንሽ ወረድ ብሎ፣ በሯ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ጠባብ ጁስ ቤት አለች። ባለቤቷ ዘሀቢያ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ አጠር ያለች፣ ድምፅዋ ጎርነን ያለ ሴት ናት። መብራት ሲኖር በመፍጫ፣ መብራት ሲጠፋ በጀነሬተር፣ ጀነሬተሩ እምቢ ሲል ደግሞ በእጇ እየጨመቀች ማንጎ፣ ፓፓያና ዘይቱን ለጠማው ሁሉ ታቀርባለች። ሰሊጥ ለማጨድ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ የአይሱዙ ሹፌሩና ረዳቱ፣ ከገበያ የሚመለሰው ገበሬ ሁሉ ያውቃታል። ሙቀቱ በሚበረታባቸው ወራት በዚያች በር ሳይቆም የሚያልፍ ጥቂት ነው።

ባሏ ኡመይር ከከተማው ወጣ ብሎ በሽንፋ ወንዝ ዳር ቁራሽ መሬት ነበረው። ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ እርሻ አያውቅም። አንድ ዓመት ወዳጆቹ ሲያደርጉ አይቶ ሙዝ ተከለ። ሙዙ ገና ሳይጠነክር ጦጣ ቀነጣጠሰው፤ ጦጣ የተወውን ከርከሮ ከሥሩ ገለበጠው። ኡመይር ሄዶ አየና ራሱን እየነቀነቀ ተመለሰ።

"ምን ሆነ?" አለችው ዘሀቢያ።

"ባለቤቶቹ ቀድመውን እዚያ ነበሩ" አላት። "ከነሱ ጋር ስከራከር አልገኝም።"

ከዚያ ወዲያ መሬቱ ጦም አደረ። ኡመይር ታሞ ካረፈ በኋላም እንደዚያው ሣር ለብሶ ለሷ ቀረ።

ባል የሞተባት ሴት ከቤት የምትቆይበትን ጊዜ፣ ኢዳዋን ጨርሳ ጁስ ቤቱን ስትከፍት፣ ሥራው ሳይሆን ሰዉ ከበዳት። የሚገባው ሁሉ "አላህ ያጽናሽ" ይላታል፤ ብርጭቆውን ጨርሶ እስኪወጣ ድረስ በዐይኑ ያዝንላታል። ደግነት መሆኑን ታውቃለች፤ ግን ደከማት። ስለዚህ ከቀትር በኋላ ያለውን የዐስር ሰላቷን ስትጨርስ ሱቁን ዘግታ ወደ ወንዙ ዳር መሄድ ጀመረች። እዚያ የሚያጽናናት ሰው የለም። ኡመይር ለሙዙ አጥር ብሎ የጀመረውና ሳይጨርስ የተወው የድንጋይ ካብ አለ፤ እሱ ላይ ተቀምጣ ጀንበር እስክታዘቀዝቅ ወንዙን ታያለች።

በመሬቱ ጫፍ፣ ወንዙ አፋፍ ላይ፣ አንድ ያረጀ ገባ ነበር። ሌላው አገር ቁርቁራ ይለዋል፤ ሱዳኖች ነበቅ ይሉታል። እሾሁ ቀሚስ የሚይዝ፣ ፍሬው እንደ ብይ ድቡልቡል፣ ሲበስል ቢጫ ሆኖ መሬት ላይ የሚረግፍ ዛፍ ነው። አንድ የበጋ ቀን ከማዶው ጫካ አንዲት ሴት ድኩላ ወጣች። ወንዙ በበጋ ኩሬ ኩሬ ብቻ ስለሚሆን አሸዋውን በእርጋታ አቋርጣ መጣች። ቀላ ባለው ገላዋ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አለባት። ዘሀቢያን አየቻት። ዘሀቢያ አልተነቃነቀችም። ድኩላዋ ጥቂት ቆማ ጆሮዋን አዟዟረችና አንገቷን ደፍታ የረገፈውን ገባ መልቀም ጀመረች። ፍሬውን ስታኝክ ድምፁ ካቡ ድረስ ይሰማ ነበር።

በማግስቱም መጣች። ያን በጋ አብዛኛውን ቀን ትመጣ ነበር። ዘሀቢያ ለማንም አልተናገረችም። ኡመይር ከሞተ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ምሽቱን የምትጠብቅለት ነገር አገኘች።

በተከታዩ ክረምት ሽንፋ ወንዝ ከልክ በላይ ሞላ። ከላይ የወረደው ጎርፍ ግንድና ቋጥኝ እያንከባለለ አፋፉን ናደው፤ ገባው ከነሥሩ ተነቅሎ ሄደ። ዘሀቢያ ውሃው ሲጎድል ሄዳ ያየችው የተቆረሰ ዳቦ የመሰለ ቀይ አፈር ብቻ ነበር። አዘነች፤ ግን ዛፍ ነው ብላ ተመለሰች።

በጋው ሲገባ ድኩላዋ መጣች። ዘሀቢያ እንደ ልማዷ ካቡ ላይ ነበረች። ድኩላዋ አሸዋውን አቋርጣ በሌላ በኩል ዞራ አፋፉ ላይ ወጣች፤ ዛፉ የነበረበት ጋ ስትደርስ ቆመች። መሬቱን አሸተተች። ትንሽ ራመድ ብላ እንደገና አሸተተች። ወደ ኋላ ተመልሳ ቀድሞ የቆመችበት ቦታ ላይ ቆመች። ብዙ ቆየች። ከዚያ በመጣችበት ተመለሰች።

ያን ዕለት ማታ ልጇ ረፊቃ ከጎንደር ደወለች። ረፊቃ እዚያ አግብታ ትኖራለች።

"እማ፣ ድምፅሽ ምን ሆኗል?"

ዘሀቢያ ያየችውን ነገረቻት።

"ለድኩላ ነው የምታለቅሽው?" አለች ረፊቃ፣ ግማሽ በሳቅ።

"አላለቀስኩም። ለምዳ መጣች፤ ባዶ ሆኖ ጠበቃት። እኔም አባትሽ በሞተ ሰሞን ከገበያ ስመለስ፣ አለ ብዬ በሩን ያንኳኳሁበት ቀን አለ።"

ረፊቃ ሳቋን ተወች። "ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?" ብላ ጠየቀች።

"እተክላለሁ።"

ጁስ ቤት የማንጎ ፍሬ አይጠፋውም። ዘሀቢያ ያን ሰሞን የጨመቀችውን ማንጎ ፍሬ ሁሉ በማዳበሪያ ከረጢት አጠራቀመች፤ የባጃጅ ሹፌሩን ፈሀድን አስጭና ወደ ወንዙ ወሰደች፤ የክረምቱ ዝናብ እንደጀመረም በየቦታው ቀበረች። የዘይቱን ችግኝም ለምና አመጣች። አብዛኛው በቀለ። ደስታዋ ግን ክረምቱን አልተሻገረም። ግማሹን ምስጥ ከሥሩ በላው። የተረፈው ለስላሳ ቅጠል ሲያወጣ ሌሎች መጥተው ቅጠሉን ጨረሱት። ኮቴያቸውን አየችው፤ የድኩላ ነው። ልትቀልባቸው የተከለችውን፣ ሳያፈራ በሉት።

ይህን ከተማው ሲሰማ ሳቀ። "ድኩላ ቀላቢዋ" የሚል ስም ወጣላት። ጁስ ሊጠጡ የሚመጡ ወጣቶች "ዛሬ ድኩላዎቹ ምን ቀራቸው?" ይሏታል። እሷም ብርጭቆውን ስታቀርብ "የነሱን ድርሻ ነው የምትጠጡት" ትላቸዋለች። አንዳንዱ ግን አይስቅም። ድኩላ የተሰበሰበበት ነብር ይከተላል፣ ነገ በግና ፍየላችንን ነው የምታስበላን የሚሉ ነበሩ። ሌላው የኡመይር ዘመድ ነኝ ብሎ መጥቶ መሬቱን ለሽንኩርት አልሚ እንድታከራይ መከራት። ሁለቱንም ሰማች። በሚቀጥለው ዓመትም ማንጎ ቀበረች፤ በሚቀጥለውም ዓመት እንደዚያው ሆነ።

በሱዳን ጦርነት ተነሥቶ ሰው ድንበሩን መሻገር በጀመረ ዓመት ሐሚዳ የምትባል ሴት ሽንፋ ደረሰች። ከገዳሪፍ ነው የመጣችው። ለነጠላ ጎጆ የሚሆን ዕቃ እንኳ አልነበራትም። ጁስ ቤቱ ጓሮ ዕቃ የሚቀመጥበት ክፍል ነበር፤ ዘሀቢያ ክፍሉን አጽድታ ሰጠቻት። ሐሚዳ አማርኛዋ ከዐረብኛ የተደባለቀ፣ ወሬ የምትወድ፣ ሥራ ፈታ መቀመጥ የማትችል ሴት ነበረች። በሳምንቱ የጁስ ቤቱን ብርጭቆ ማጠብ፣ በወሩ ደንበኞቹን መቆጣት ጀመረች።

አንድ ቀን አብራት ወንዙ ዳር ሄደች። የደረቁትን የማንጎ ችግኞች ስታይ ከንፈሯን መጠጠች።

"አንቺ ዘሀቢያ፣ ማንጎ ለምን? ማንጎ ውሃ ይፈልጋል፣ ጠባቂ ይፈልጋል። ድኩላሽ የበላችው ነበቅ አይደል? ነበቅ ትከዪላት።"

"ሞክሬ ነበር። ፍሬውን ቀበርኩት፤ አልበቀለም።"

"እሱ ቅርፊቱ ድንጋይ ነው። እኛ ግቢ ውስጥ አባቴ የተከላቸው ነበሩ፤ እንዴት እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ፍየል ያለው ሰው ፈልጊ።"

ፍየል ያላት አሰበች የምትባል ሴት ነበረች። አሰበችና ባሏ ያረጋል የዘሀቢያ የመሬት ጎረቤቶች ናቸው። ያረጋል በአባቱ ጊዜ ከጎጃም የወረደ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ክረምት ራቅ ባለው እርሻው ሰሊጥና ማሽላ ያመርታል፣ በጋ ደግሞ ወንዙ ዳር በውሃ ፓምፕ ባምያና ሽንኩርት ያለማል። አሰበች ዘሀቢያን እንደ ታላቅ እኅት ነው የምታያት።

"እትዬ፣ ለፍየሎቼ ገባ ይዘውላቸው መጡ?" አለች ሁለቱ ሴቶች ከገበያ የገዙትን የበሰለ ገባ በከረጢት ተሸክመው በር ላይ ሲያገኙዋት።

"ፍሬውን ይብሉልኝ፤ እኔ የምፈልገው የሚተፉትን ነው።"

አሰበች ነገሩ ሲገባት ሳቀች፣ ግን አልከለከለችም። ፍየሎቹ ገባውን በሉ፤ ሲያመሰኩ ፍሬውን እየተፉ በረቱን ሞሉት። ጠዋት ሐሚዳና አሰበች በረቱን ጠርገው፣ ፍሬውን ከበጠጡ ለይተው፣ አጥበው አሰጡት። ከዚያ ሐሚዳ ድንጋይ ላይ እያስቀመጠች አንድ አንዱን በመዶሻ ነካ አደረገችው፤ ቅርፊቱ ሲሰነጠቅ ውስጡ እንዳይጎዳ በጣም ቀስ ብላ። ውሃ ውስጥ አሳደሩት። ጁስ ቤቱ የሞላው ባዶ ሃይላንድ ነው፤ የሃይላንዱን አንገት ቆርጠው፣ ሥሩን በስተው፣ አፈር ሞልተው ዘሩበት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የጁስ ቤቱ ጓሮ በአረንጓዴ ነጥብ ተሞላ። ዘሀቢያ ጠዋት ጠዋት ደንበኛ ሳይመጣ እነሱን ስታይ ትገኝ ነበር።

በክረምት ተከሉት። ዘሀቢያ በዚህ ጊዜ ካለፈው ተምራ ነበር። ችግኞቹን ከያረጋል አትክልት ራቅ አድርጋ፣ በመሬቷ ዳር የማዶውን ጫካ በሚያየው በኩል በረድፍ አስቀመጠቻቸው። እያንዳንዱንም በእሾህ ቅርንጫፍ ከበበችው፤ እስኪጠነክር ማንም እንዳይነካው። ምስጥ እሱን አልፈለገውም። በጋ ሲመጣ ከኩሬው በጀሪካን እየቀዳች አጠጣች። ጉልበቴን አሞኛል ያለችው ሐሚዳም እያጉረመረመች አብራ ተሸከመች። በዓመቱ ወገብ ደረሰ፤ በሁለተኛው ዓመት የዘሀቢያን ቁመት አለፈ።

ያረጋል ግን አልተደሰተም። በጋ ሣሩ ሲደርቅ ድኩላና ሚዳቋ ወደ ለመለመው ነገር ይመጣሉ፤ በዙሪያው የለመለመው የሱ ባምያ ነው።

"እትዬ ዘሀቢያ፣ እርስዎን ደፍሬ አልናገርም" አላት አንድ ቀን ፓምፑን ሲያስተካክል። "ግን እርስዎ ይጠሩልኛል፣ እኔ እቀልባለሁ። ይኸ ነገር እንዴት ይሆናል?"

"ገና አላፈራም እኮ ያረጋል። ምን ብዬ እጠራቸዋለሁ? እነሱ የሚመጡት ወዳንተ ነው።"

"እንዲያ ከሆነ መላ እፈልጋለሁ" አለ።

መላው ምን እንደሆነ ያወቀችው በሑዳዴ ነው። በዚያ ዓመት ሑዳዴና ረመዳን ተደራርበው ነበር። ዘሀቢያ ሱሁሯን በልታ፣ ሱብሒ ሰግዳ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ችግኞቿን ለማጠጣት ስትሄድ ከባምያው ማሳ ጥግ የሚንፈራገጥ ነገር ሰማች። ቀረብ ስትል አንዲት ድኩላ በኋላ እግሯ በሽቦ ወጥመድ ተይዛለች። ሽቦው ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል። ዘሀቢያን ስታይ ለመነሣት ሞከረችና ወደቀች። ዐይኗ ተገልብጦ ነጩ ይታይ ነበር።

ዘሀቢያ ጮክ ብላ ያረጋልን ተጣራች። ያረጋል ገጀራውን ይዞ ከጎጆው ወጣ፤ አሰበችም ተከተለችው።

"እሰይ፣ ያዘልኝ" አለ ያረጋል።

ዘሀቢያ በሱና በድኩላዋ መካከል ቆመች።

"ልታርዳት ነው?"

"ታዲያ ልስማት?"

"ለማን ነው የምታርዳት? አንተ ሑዳዴ ላይ ነህ። እኔም ጾመኛ ነኝ፤ ደግሞ ያንተን እርድ አልበላም። ሽንፋ ውስጥ ዛሬ ይህንን ሥጋ የሚበላ ማን አለ?"

ያረጋል ይህን አላሰበውም ነበር። ገጀራውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

"ቋንጣ አደርገዋለሁ። ለፋሲካ ይደርሳል።"

"የት ሰቅለህ?" አለች አሰበች ከኋላው።

"ቤት ነዋ።"

"በኔ ቤት በሑዳዴ ሥጋ አይሰቀልም" አለች አሰበች። "ከፈለግህ ፓምፕህ ላይ ስቀለው።"

ያረጋል ሚስቱን አየ፣ ዘሀቢያን አየ፣ ድኩላዋን አየ። የመቆጣት ፊት ለማሳየት ሞከረ፤ ከንፈሩ ግን አልታዘዘውም፤ በአፍንጫው ሳቀ። ገጀራውን አሰበች ነጠቀችው።

"እሺ፣ ፒንሳውን አምጪልኝ" አላት። "ከፓምፑ ሳጥን ውስጥ ነው።"

ዘሀቢያ ከላይ የተጎናጸፈችውን ቶብ አውልቃ፣ እንዳትደነግጥ ቀስ ብላ እየቀረበች፣ የድኩላዋን ራስ ሸፈነችው። ዐይኗ ሲሸፈን ድኩላዋ መንፈራገጧን ቀነሰች፤ ሆዷ ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል። አሰበች የፊት እግሮቿን ያዘች፤ ድኩላዋ አንዴ በኮቴዋ ጭኗን መታቻት፣ አሰበች ጥርሷን ነክሳ አልለቀቀችም። ያረጋል ተንበርክኮ ሽቦውን በፒንሳ ቆረጠ፤ ሥጋ ውስጥ የገባውን ደግሞ ምላሱን እየነከሰ፣ እሾህ ከልጅ እግር እንደሚያወጣ ሰው፣ በጥንቃቄ ሳበው። ከዚያ ሦስቱም ራቅ አሉና ዘሀቢያ ቶቡን በጫፉ ጎተተችው።

ድኩላዋ ወዲያው አልሮጠችም። ተነሣች፣ ዘመመች፣ እንደገና ቆመች። አንዴ ዞራ አየቻቸው። ከዚያ እያነከሰች አሸዋውን አቋርጣ ጫካው ውስጥ ገባች።

ያረጋል ፒንሳውን በሱሪው ጠረገ።

"ነገ ተመልሳ ባምያዬን ብትበላስ?"

"አንድ በጋ ስጠኝ" አለች ዘሀቢያ። "ሐሚዳ በመጪው ዓመት ያፈራል ብላኛለች። ካፈራ በኋላም ማሳህን ካልለቀቁ የፈለግኸውን አድርግ፤ አፌን አልከፍትም።"

"እስከዚያስ?"

"እስከዚያ እኔ እቀልባቸዋለሁ።"

ያለችውን ለማድረግ ተነሣች፤ የመጣባትንም ችግር ራሷ ጠራችው። ከጁስ ቤቱ የሚወጣውን የማንጎ ልጣጭ፣ የፓፓያ ቅርፊትና የበሰበሰ ዘይቱን በከረጢት እያስጫነች በመሬቷ ዳር መከመር ጀመረች። ድኩላዎቹ ሳይሆኑ ዝንጀሮዎች ደረሱበት። መጀመሪያ ጥቂት፣ ከዚያ መንጋው ከነግልገሉ። ልጣጩን ሲጨርሱ ዙሪያቸውን አዩ፤ የያረጋልን ሽንኩርት አገኙ። ሽንኩርቱን የሚበሉት አይደለም፤ እየነቀሉ፣ እየነከሱ፣ እየጣሉ በጠዋት አንድ መደብ አወደሙ።

ዘሀቢያ ሄዳ አየችና ወዲያው ጎንበስ አለች። የተነቀለውን ሽንኩርት እየሰበሰበች ነበር ያረጋል የደረሰባት።

"ይኸ የኔ ጥፋት ነው" አለችው። "ክምሩ ነው የጠራቸው። ዛሬውኑ አነሣዋለሁ።"

ያረጋል ሊቆጣ ነበር የመጣው። ግን ጾመኛ ሴት በፀሐይ አጎንብሳ የሱን ሽንኩርት ስትለቅም አይቶ ቁጣው ከሸፈበት። "ይተዉት፣ ይቀመጡ እትዬ" አላት። "ይልቅ ጠዋት ጠዋት የሚጮህ ሰው ይላኩልኝ። ያቺ ሱዳናዊት ጓደኛዎ ጥሩ ድምፅ አላት።"

ሐሚዳ ተላከች። የተሰበረ የጁስ ቤት ትሪ ይዛ፣ በማንኪያ እየደበደበች፣ በዐረብኛ እየተሳደበች ዝንጀሮዎቹን አሳደደች። ያረጋል የምትለውን አንዱንም አይረዳም፣ ግን ወደደው። ልጣጩ ከተነሣ በኋላ መንጋው ቀስ በቀስ ተስፋ ቆርጦ ወደ ጫካው ተመለሰ። በዚያ ሰሞን ነው አሰበች፣ ሐሚዳና ዘሀቢያ በማሳው ዳር ጥላ ሥር ተቀምጠው መዋል የለመዱት። ማፍጠሪያ ሰዓት ሲደርስ አሰበች ለነሱ ውሃና ተምር ታቀብላለች፤ ከራሷም የጾም ወጥ ታቀርብላቸዋለች።

ክረምቱ ሲገባ ያረጋል ሳይጠየቅ አንድ ነገር አደረገ። ሰሊጥ እርሻው ዳር ያጸዳውን የግራር ቅርንጫፍ በትራክተር ተጎታች ጭኖ መጣና የባምያ ማሳውን ዙሪያ አጠረ፤ የተረፈውን ደግሞ የዘሀቢያ መሬት ላይ አራገፈው።

"ለአዲሶቹ ችግኞች" አለ፣ ዐይኗን ሳያይ። ቀጥሎም ከወንዙ ታች ካለ ትልቅ ሾላ ክንድ የሚያክል ቅርንጫፍ ቆርጦ አመጣ። "ይኸ ደግሞ እንዲሁ ቢተከል ይይዛል፤ አባቴ ሲያደርገው አይቻለሁ። ሾላ ከገባ በተለየ ጊዜ ነው የሚያፈራው። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይደርሳል።"

ዘሀቢያ ቅርንጫፉን ተቀብላ ወንዙ ሊንደው ከማይችልበት፣ ከአፋፉ ራቅ ያለ ቦታ መረጠች። ጉድጓዱን የቆፈረው ያረጋል ነው።

በተከታዩ በጋ ገባዎቹ አፈሩ። ሁሉም አይደሉም፤ ጥቂቶቹ ገና ጥላ ብቻ ናቸው፣ አንዱን የማዶ ከብት ሰብሮታል። ግን ከረድፉ አብዛኛው ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ያዘ። ሐሚዳ ፍሬው ቢጫ ሲሆን አንዱን ቀጥፋ በላች። ከዚያ የገዳሪፉ ይበልጥ ጣፋጭ ነበር አለች፤ ሌላም ቀጠፈች።

"ትንሽ ለጁስ ቤቱ እንልቀም" አለች። "ነበቅ በውሃ ተዘፍዝፎ ሲጠጣ አታውቂውም። ደንበኛ ይሻማበታል።"

"የነሱ ነው" አለች ዘሀቢያ።

"እኛስ ጀሪካን የተሸከምነው ለምንድን ነው? የኔ ጉልበት ምንም አያገኝም?"

ተከራከሩ። በመጨረሻ ከመንገዱ በኩል ያሉት ሁለት ዛፎች የሰው፣ በጫካው በኩል ያሉት በሙሉ የነሱ እንዲሆኑ ተስማሙ። የሐሚዳ መጠጥ ጁስ ቤቱ ውስጥ ገባ፤ እውነትም ተወደደ። የሚስቁት ወጣቶች አሁንም ይስቃሉ፣ ግን ብርጭቆ እየደገሙ ነው።

ድኩላዎቹ መጡ። ዘሀቢያ ካቡ ላይ ተቀምጣ በመጀመሪያው ቀን አንዲት፣ ከዚያ ከነግልገሏ ሌላ፣ ቆይቶም ሁለት ሚዳቋዎችን አየች። በዛፎቹ ሥር እየተዘዋወሩ የረገፈውን ይለቅማሉ፤ አንዷ በኋላ እግሮቿ ቆማ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ስትስብ ዘሀቢያ ድምፅ አውጥታ ልትስቅ ደርሳ አፏን በቶቧ ያዘች። ወፍ ይንጫጫል። ከርከሮም ይመጣል፤ እሱን ግን አልወደደችውም፤ ሥር ይቆፍራል።

የያረጋል ባምያ ፈጽሞ አልተነካም ማለት አይደለም። አንዳንድ ቀን የኮቴ ምልክት ያገኛል፤ አጥሩን ጥሶ የገባ ይኖራል። ግን ከዓምናው ጋር የሚወዳደር አይደለም። አንድ ማታ ጁስ ቤት መጥቶ የሐሚዳን መጠጥ እየጠጣ "ሽቦውን ሁሉ ሰብስቤ ለአጥር ማሰሪያ አደረግኩት" ብሎ ነገራት። ሌላ ነገር አላለም። ነብር ይመጣል ያሉትም ነብሩን እስካሁን አላዩትም።

ረፊቃ ለዒድ ከባሏ ጋር መጣች። ዘሀቢያ ወንዙ ዳር ወሰደቻት። ረፊቃ በልጅነቷ አባቷ ሙዝ ሲተክል ያየችውን ባዶ መሬት ነበር የምታስታውሰው፤ አሁን የዛፉ ረድፍ ሥር ቆማ ቅጠሉን በእጇ እየነካች ቆየች።

"አባቴ ቢያየው ምን ይል ነበር?" አለች።

ዘሀቢያ ወደ ካቡ ተመለከተች። "ምንም አይልም። ካቡ ላይ ይቀመጥና ቦታዬን ይወስድብኝ ነበር።"

አሁን የዘንድሮው ዝናብ ሊጀምር ሰማዩ በሱዳን በኩል እየጠቆረ ነው። የጁስ ቤቱ ጓሮ በሃይላንድ ተሞልቶ መተላለፊያ የለውም። ባለፈው ሳምንት በወንዙ ላይኛ በኩል ሽንኩርት የሚያለሙ ሴቶች ከአሰበች ጋር መጥተው ችግኝ ጠየቁ። የነሱንም ማሳ ሚዳቋ ፈጅቶባቸዋል። ዘሀቢያ ጎንበስ ብላ ጠንከር ጠንከር ያለውን እየመረጠች ሰጠቻቸው።

"የት ነው የምንተክለው?" አለች አንዷ።

"ከማሳሽ በስተጀርባ፣ ጫካው አፍ ላይ። እዚያ ጋ ሲጠግቡ ወዳንቺ አይመጡም።"

"ሳያፈራ እንዳይበሉትስ?"

"እሾህ አድርጊበት። እሾህ ከሌለሽ ያረጋልን ጠይቂው፤ ትራክተሩን አዘጋጅቷል" አለችና ወደ ጓሮው ዞረች። "ሐሚዳ፣ ሁለት ሃይላንድ ጨምሪላት። የሷ መሬት ሰፊ ነው።"